አንዱ ጎንደር አንዱ ካናዳ፦ የርቀት ትዳርን ለስፖንሰርሺፕ በማስረጃ የማሳየት መመሪያ

«የሰርግ ፎቶ አለን፣ ቻትም አለን። ሌላ ምን ይጨመር?»

የምሠራው ፒያሳ አካባቢ በአንድ የጽሕፈትና የትርጉም ቤት ነው። ይህን ጥያቄ ሳልሰማ የምውልበት ቀን ጥቂት ነው። ሚስት ጎንደር፣ ባል ቶሮንቶ። ወይም ባል አዘዞ፣ ሚስት ካልጋሪ። ትዳሩ እውነት ነው፤ ሰርጉን ሰፈሩ ሁሉ በልቶ ጠጥቶበታል። ካናዳ ያለው ወገን፣ ማለትም ስፖንሰሩ፣ ባለቤቱን ለማምጣት የሚያስገባው ፋይል ሲከፈት ግን ይህ አይታይም። ለዚህ ነው መልሱን አንድ ቦታ ላይ የጻፍኩት።

አንድ ነገር ከወዲሁ ያዙልኝ። ፋይላችሁን የሚያየው የካናዳ ኢሚግሬሽን ኦፊሰር ሰርጋችሁ ላይ አልነበረም። እናታችሁንም አያውቃቸውም። በእጁ ያለው ቀን፣ ስምና ቦታ የተጻፈበት ወረቀት ብቻ ነው። ስለዚህ ከተዋወቃችሁበት ቀን እስከ ዛሬ ያለውን ጊዜ ሳይበጠስ የሚያሳይ ቀጭን ፋይል ከተዝረከረከ ወፍራም ፋይል ይሻላል። ከታች ያለው ሥራ በሙሉ ለዚህ ነው።

መጀመሪያ እነዚህን አጣሩ

አራቱ ነገሮች ማስረጃ ቢቆለልም ፋይሉን የሚጥሉ ናቸው። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት እዩዋቸው።

- ካናዳ የእጮኛ ስፖንሰርሺፕ የላትም። ቀለበት ማሰር ብቻውን አይበቃም፤ ጋብቻው በሕግ የጸና መሆን አለበት።
- ሰርጉ በተፈጸመበት ሰዓት ሁለታችሁም በአካል አብራችሁ መሆን አለባችሁ። በውክልና፣ በስልክ ወይም በቪዲዮ የተፈጸመ ጋብቻን ካናዳ ከጁን 11 2015 (ሰኔ 4 2007) ጀምሮ ለስፖንሰርሺፕ አትቀበልም።
- ስፖንሰሩ ራሱ በትዳር ስፖንሰርሺፕ የገባ ከሆነ፣ ቋሚ ነዋሪ ከሆነበት ቀን ጀምሮ 5 ዓመት ሳይሞላው የትዳር ጓደኛ ስፖንሰር ማድረግ አይችልም።
- ስፖንሰሩ ካናዳ ሲገባ «ያላገባሁ ነኝ» ብሎ ሞልቶ ከሆነ፣ እናንተ ግን ያኔ ተጋብታችሁ ከነበረ፣ ቁሙ። በመተማ አድርገው በሱዳን በኩል በስደት የሄዱ ልጆች ላይ ይህ ይገጥማል። ያልተመዘገበ የትዳር ጓደኛን በኋላ ማምጣት ራሱን የቻለ ችግር ነው። በራሳችሁ አትሙሉ፤ ፈቃድ ያለው የካናዳ ጠበቃ ወይም አማካሪ ያስፈልጋችኋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የሁለታችሁም ፓስፖርት፣ ማኅተም ያረፈባቸው ገጾች ሁሉ፤ ጊዜው ያለፈበት አሮጌ ፓስፖርትም ጭምር
- የጋብቻ የምስክር ወረቀት ከወሳኝ ኩነት፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የኒካህ ወረቀት ካለ እሱም
- ቀድሞ ትዳር ከነበረ የፍቺ ውሳኔ ወይም የሞት የምስክር ወረቀት
- ያልጠፋ ቻት ያለባቸው ስልኮች
- የካናዳው ወገን የስልክ ቢል
- የገንዘብ መላኪያ ደረሰኞችና የባንክ ስቴትመንት
- የአውሮፕላን ቲኬትና ቦርዲንግ ፓስ
- ፎቶዎች፣ ከሰርግ ቀን ውጭ የተነሣችኋቸውም
- ደብተርና እስክሪብቶ። እውነቴን ነው፤ ሥራው የሚጀመረው ከዚህ ነው።

1. የቀን ዝርዝር ጻፉ

ቻት ፕሪንት ከማድረጋችሁ፣ ፎቶ ከመምረጣችሁ በፊት ሁለታችሁም ለየብቻ ተቀምጣችሁ ታሪካችሁን በቀን ጻፉ። ከዚያ በስልክ አስተያዩ። አንዳችሁ «በፋሲካ ነው የተዋወቅነው» ስትሉ ሌላችሁ «በጥምቀት» ካላችሁ ልዩነቱ አሁን ይውጣ። አይ ኤም ኤም 5532 የሚባለው የግንኙነት ፎርም መቼ፣ የት፣ በማን በኩል እንደተዋወቃችሁ፣ ሰርጉ ላይ ማን እንደነበረ አንድ በአንድ ይጠይቃል። የፎርሙ መልስ፣ ደብዳቤውና ፎቶው ሦስት ዓይነት ቀን ከተናገሩ ኦፊሰሩ የሚያየው ውሸት ነው።

ዝርዝሩ ይህን ይመስላል፦

ጥር 11 2015 (ጃንዋሪ 19 2023)፦ በጥምቀት፣ ፋሲለደስ መዋኛ፣ በአክስቷ ልጅ በኩል ተዋወቅን። ማስረጃ፦ ፎቶ 1።
ሚያዝያ 15 2015 (ኤፕሪል 23 2023)፦ ቤተሰቦቹ ሽማግሌ ላኩ። ማስረጃ፦ የአንዱ ሽማግሌ ደብዳቤ።
ከሐምሌ 2015 መጨረሻ በኋላ፦ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ በቀጥታ ስልክ ተገናኘን። ማስረጃ፦ የስልክ ቢል።
ጥር 12 2016 (ጃንዋሪ 21 2024)፦ ሰርግ፣ ጎንደር። ማስረጃ፦ የጋብቻ ወረቀት፣ ፎቶ 5 እስከ 11።

በእያንዳንዱ መስመር መጨረሻ «ማስረጃ» የሚለውን ልብ በሉ። ማስረጃ የሌለው መስመር ላይ ምን እንደምትፈልጉ ወዲያው ይታያችኋል።

አሁን ቀኖቹን በደንብ እዩ። ጥምቀቱ ጥር 11 ጃንዋሪ 19 ላይ ዋለ። በማግሥቱ ዓመት ግን ጥር 12 ጃንዋሪ 21 ሆነ፣ 20 አይደለም። 2015 ላይ ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበረች ነው። ጳጉሜን 6 በሆነች ቁጥር፣ ከቀጣዩ መስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ያለው ቀን ሁሉ በፈረንጆቹ አንድ ቀን ወደ ፊት ይገፋል። ብዙ ሰው በለመደው ስሌት ቀይሮ ፎርም ላይ አንድ ቀን፣ የጋብቻ ወረቀቱ ላይ ሌላ ቀን ይዞ ይመጣል። ዓመቱም እንዲሁ ነው፦ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ይደመራል፣ ከዚያ በኋላ 8። በጭንቅላት አትቀይሩ፤ በስልክ አፕ ቀይሩና በወረቀት ካላንደር አመሳክሩ።

2. ስሞችን አስማሙ

ይህ እርምጃ ፎርም ከመሞላቱ በፊት ካልተሠራ በኋላ ወራት ይበላል። የእያንዳንዱን ሰነድ ስም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ። ፓስፖርት ላይ አንድ «ኢ» ያለው የአባት ስም የቀበሌ መታወቂያ ላይ ሁለት «ኢ» ይዞ ይገኛል። አንዱ ላይ «ኤች» አለ፣ ሌላው ላይ የለም። ለእኛ ያው ሰው ነው። አማርኛ ለማያነብ ሰው ግን ሁለት ሰው ሊሆን ይችላል።

ሌላው የክርስትና ስም ነው። በቁርባን ያገባችሁ ከሆነ የቤተ ክርስቲያኑ ወረቀት ላይ የተጻፈው «ወለተ ማርያም» ወይም «ኃይለ ሚካኤል» ብቻ ሊሆን ይችላል። ፓስፖርት ላይ ይህ ስም የለም። ደብሩን ጠይቃችሁ የመዝገብ ስማችሁም አብሮ እንዲጻፍ አድርጉ። ካልሆነም ሁለቱ ስም የአንድ ሰው መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ማኅተም አስደርጉበት።

መታረም የሚችለውን አሳርሙ። የማይታረመውን ደግሞ በማብራሪያ ደብዳቤ ላይ በአንድ አረፍተ ነገር ግለጹ። ፎርም ላይ የሚገባው ሁልጊዜ የፓስፖርቱ አጻጻፍ ነው።

3. የጋብቻ ወረቀቱን አሟሉ

በእኛ ሕግ በሃይማኖትም፣ በባህልም፣ በክብር መዝገብም የተፈጸመ ጋብቻ ጋብቻ ነው። ለዚህ ሥራ ግን ምዝገባው ያስፈልጋችኋል። በሽማግሌና በድግስ ብቻ የተጋባችሁ ከሆነ ስፖንሰሩ አገር ቤት እያለ፣ ምስክሮቻችሁን ይዛችሁ ወሳኝ ኩነት ሄዳችሁ አስመዝግቡ። ከሄደ በኋላ ላስመዝግብ ማለት ሌላ ጣጣ ነው። ወረቀቱ ላይ ጋብቻው የተፈጸመበት ቀንና የተመዘገበበት ቀን የተለያዩ ከሆኑ ፎርሙ ላይ ሁለቱን አታምታቱ። ቢሮውን ሳትለቁ ስም፣ ቀንና ማኅተም አንብቡ፤ ስህተት ካለ እዚያው ቆማችሁ አሳርሙ።

4. ቻቱንና ጥሪውን አዘጋጁ

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሁለት ዓመት ቴሌግራም ፕሪንት አድርጎ በፌስታል የሚያመጣ አለ። የካናዳ የሰነድ ዝርዝር፣ ማለትም አይ ኤም ኤም 5533፣ ለመልእክት የሚፈቅደው እስከ 10 ገጽ ነው። ስለዚህ መምረጥ ግድ ነው።

ምርጫው እንዲህ ይሁን። ከተዋወቃችሁበት ወር ጀምሮ በየሁለት ወይም በየሦስት ወሩ አንድ ቀን ውሰዱ። ሥራ፣ ቤተሰብ፣ ሕመም፣ የቤት ኪራይ፣ የጸሎት ቀጠሮ የሚነሣበት ቀን ይሁን። «ወድሻለሁ፣ እኔም» ብቻ የሞላበት ገጽ ምንም አይነግርም። «እማማ ዛሬ ሆስፒታል ገቡ፣ ለመድኃኒት የላክኸው ደርሷል» የሚለው አንድ መስመር ብቻውን ብዙ ይናገራል። በዝርዝራችሁ ላይ ካለ ቀንና ከገንዘብ ደረሰኝ ጋር ከገጠመ ደግሞ የበለጠ ጠንካራ ነው።

ስክሪንሾት ስታነሡ ቀኑ ከነዓመተ ምሕረቱ ይታይ። ስልካችሁ ላይ ባለቤታችሁን «ሆዴ» ብላችሁ ሴቭ ካደረጋችሁ ኦፊሰሩ የሚያየው «ሆዴ» የሚባል ሰው ነው። የፕሮፋይል ገጹን፣ ስልክ ቁጥሩ የሚታይበትን፣ አንድ ጊዜ ጨምሩ። ያ ቁጥር ፎርሙ ላይ የሞላችሁት ቁጥር ይሁን። ሲም ቀይራችሁ ከሆነም ጻፉት።

ቴሌግራም በኮምፒውተር ሲከፈት ቻቱን ከነቀኑ ወደ ፋይል ማውጣት ይቻላል። ሴክሬት ቻት ግን አይወጣም። ዋትስአፕም ቻት ማውጫ አለው፤ ባክአፕ ሳታደርጉ ስልክ ከቀየራችሁ ግን ጠፋ ማለት ነው። ዛሬውኑ ባክአፕ አድርጉ። መልእክት ራሱን እንዲያጠፋ የሚያደርገው ሴቲንግ በርቶ ከሆነም ሴቲንጉን ዝጉት።

በድምፅ መልእክት ብቻ የምታወሩ ብዙ ናችሁ። ድምፁን መላክ አያስፈልግም፤ ቀንና ርዝመት የሚታይበት ስክሪንሾትና የጥሪ ዝርዝር ይበቃል። የጥሪው ሰዓት ላይ አትደናገጡ። ጎንደር ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ቶሮንቶ በክረምታቸው እኩለ ቀን ነው፣ በበጋቸው ደግሞ የሰዓት አቆጣጠራቸውን ስለሚቀይሩ አንድ ሰዓት ያልፋል። ሰውየው ምሳ ሰዓቱ ላይ፣ እሷ ከራት በኋላ በየቀኑ የሚያወሩ ከሆነ ይህንኑ በደብዳቤው ጥቀሱ። የርቀት ትዳር መልክ ይኸው ነው።

ኢንተርኔት ስለጠፋባቸው ወራት፦ የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር እኛ እናውቃለን። ኦፊሰሩ ግን የሚያየው ድንገት ዝም ያለ ቻት ነው፤ ተለያይተው ነበር ብሎ ሊገምት ይችላል። ክፍተቱን በደብዳቤ ግለጹ። ከዚያ የካናዳውን የስልክ ቢል አውጡና ወደ ኢትዮጵያ የተደወለባቸውን መስመሮች አስምሩባቸው። ዋይፋይ ፍለጋ ሆቴል ወይም ዩኒቨርሲቲ ግቢ እየሄዳችሁ የላካችኋት አጭር መልእክት ካለች እሷንም አስገቡ። ዝም ካላችሁ ክፍተቱ ክፍተት ሆኖ ይቀራል።

5. የገንዘብ መላላኩን አሳዩ

ገንዘብ መላክ ግዴታ አይደለም። ከላካችሁ ግን በስማችሁ ላኩ። በጥቁር ገበያ የመጣ ብር እናንተ አካውንት ውስጥ የሚታየው በማታውቁት ሰው ስም ነው፤ ከሕግ ጣጣው ሌላ ከባለቤታችሁ እንደመጣ የሚያሳይ አንዲት ፊደል የለውም። በባንክ ወይም በሕጋዊ ገንዘብ መላኪያ ከላኪ ስም ወደ ተቀባይ ስም የሄደ ትንሽ ብር ይበልጣል። ለወንድም ወይም ለእናት ስም ተልኮ ከሆነ ዝምድናውን በደረሰኙ ግርጌ ጻፉ።

6. ጉብኝቱን አስመስክሩ

የቦሌ የመግቢያና የመውጫ ማኅተም ዋናው ነው። ማኅተም ግን ኢትዮጵያ መግባቱን እንጂ እናንተ ጋ መድረሱን አይናገርም። ከአዲስ አበባ ጎንደር የበረረበትን ቦርዲንግ ፓስ ወይም የኢሜይል ቲኬት አያይዙ። እኛ አገር ባል መጥቶ ሆቴል አያድርም፤ ቤተሰብ ቤት ነው የሚከርመው። የሆቴል ደረሰኝ የለንም ብላችሁ አትጨነቁ። ቤቱ ያደረበት ሰው አጭር ደብዳቤ ከመታወቂያ ኮፒ ጋር ይጻፍ። በዚያው ሰሞን አብራችሁ የተነሣችሁት ፎቶ ደግሞ ይታከል።

7. ፎቶ ምረጡ

ከፍተኛው 20 ፎቶ ነው። ሰው ሃያውንም ከሰርግ አልበም ይሞላዋል፦ ፋሲል ግንብ በር ላይ፣ መዋኛው ዛፍ ሥር፣ እንደገና ግንቡ ላይ። ሁሉም የአንድ ቀን፣ የአንድ ልብስ፣ የአንድ ፎቶ አንሺ ናቸው። ከሰርጉ ስድስት ሰባት ይበቃል። ከነዚያም ውስጥ ወላጆች፣ ሚዜዎች፣ ሽማግሌዎች፣ ሰው የሞላበት ዳስ ያለባቸው ይመረጡ። ቤተሰብ ማወቁን የሚያሳዩት እነሱ ናቸው። የቀለበቱ፣ የቅልቅሉና የመልሱ ቢኖር ጥሩ ነው። የቀረው ከተራ ቀን ይሁን፦ ቡና ሲፈላ፣ ከአማቶች ጋር ራት ላይ፣ ክርስትና ቤት፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር። የቪዲዮ ጥሪ ስክሪንሾት ሁለት ሦስት ጨምሩ።

ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር ቀን፣ ቦታና በፎቶው ያሉትን ሰዎች ስምና ዝምድና ጻፉ። «ከግራ ወደ ቀኝ፦ የእሷ እናት፣ እሷ፣ እሱ፣ የእሱ ታላቅ ወንድም»። ያለ ጽሑፍ ፎቶው የማይታወቁ ሰዎች ስብስብ ነው።

8. የምስክር ደብዳቤ አጽፉ

ሦስት አራት ሰው ይበቃል። ከሁለቱም ወገን ወላጅ፣ ሽማግሌ ሆነው የሄዱ አንድ ሰው፣ አንድ ሚዜ ወይም የካናዳ ጓደኛ። ለሁሉም አንድ ዓይነት ደብዳቤ አዘጋጅታችሁ አታስፈርሙ፤ ቃል በቃል አንድ የሆኑ ሦስት ደብዳቤዎች አንድ ደብዳቤ ናቸው፣ ያውም የሚያጠራጥር። አባታችሁ መጻፍ የማይችሉ ከሆነ በአፋቸው እየነገሩ ሌላ ሰው ይጻፍላቸው፣ መጨረሻ ላይ ማን እንደጻፈው ይገለጽ። ደብዳቤው ያዩትን ይናገር፦ «በሚያዝያ ወር ሽማግሌ ሲመጡ ቤት ነበርኩ፤ የልጁ አጎት ነው የተናገሩት»። «ጥሩ ባልና ሚስት ናቸው» የሚለው ለኦፊሰሩ ምንም አይጨምርለትም። መታወቂያ ኮፒና ስልክ ቁጥር ይያያዝ።

9. የሚያጠያይቀውን ቀድማችሁ ተናገሩ

የዕድሜ ልዩነት ሰፊ ነው? ከተዋወቃችሁ በጥቂት ወር ተጋባችሁ? ሃይማኖታችሁ ይለያያል? አንዳችሁ ፈትታችኋል? ሰርጉ በሐዘን ወይም በጸጥታ ችግር ምክንያት ትንሽ ነበር? ኦፊሰሩ ይህን ያየዋል። ሕጉ የሚጠይቀው ትዳሩ እውነተኛ መሆኑንና ዋና ዓላማው መኖሪያ ፈቃድ ማግኘት አለመሆኑን ነው፤ እነዚህ ነገሮች ጥያቄ የሚያስነሱትም ለዚህ ነው።

በአንድ ወይም በሁለት ገጽ ማብራሪያ ደብዳቤ እውነቱን ጻፉ። በሽማግሌና በቤተሰብ ምርጫ የተገናኛችሁ ከሆነ አትፈሩት፣ «ካፌ ተዋወቅን» ብላችሁ አታስመስሉት። በእኛ ባህል ቤተሰብ እንዴት እንደሚያጠና፣ ሽማግሌ እንዴት እንደሚላክ ባጭሩ ግለጹ። ወደፊት የት እንደምትኖሩ፣ ማን ምን እንደሚሠራ የተነጋገራችሁትም ይግባ።

10. አስተርጉሙና አስተካክሉ

በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ ያልሆነ ሁሉ ይተረጎማል። በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ቻትም አማርኛ ነው፤ ይተረጎማል። እናንተም ሆናችሁ ዘመዳችሁ፣ እንግሊዝኛ መምህር ቢሆን እንኳ፣ መተርጎም አይችልም። ትርጉሙ ከዋናው ኮፒና ከተርጓሚው ማረጋገጫ ጋር ይሂድ። ቻቱን መርጣችሁ ሳትጨርሱ ለትርጉም አትስጡ፤ በገጽ ነው የምትከፍሉት።

ከዚያ ሁሉንም በቀን ዝርዝራችሁ ተራ ደርድሩ። መጀመሪያ ማብራሪያ ደብዳቤው፣ ቀጥሎ የቀን ዝርዝሩ፣ ከዚያ ማስረጃው። ስካኑ በስልክ ካሜራ ጥላ የወደቀበት አይሁን።

11. ለቃለ መጠይቅ ተዘጋጁ

ሁሉም አይጠራም። ከተጠራችሁ የሚጠየቀው ተራ ነገር ነው፦ ባለቤትሽ ምን ሰዓት ሥራ ይገባል፣ ከማን ጋር ይኖራል፣ ለመጨረሻ ጊዜ ስለ ምን አወራችሁ። አትሸምድዱ። የላካችሁትን ፋይል ኮፒ አንብቡ፣ የማታውቁትን «አላውቅም» በሉ። ሰዓት ስትናገሩ በእኛ አቆጣጠር ይሁን በእነሱ ግልጽ አድርጉ፤ «2 ሰዓት» ሲባል እነሱ ሌላ ነው የሚሰሙት።

ማስጠንቀቂያ

ቻት ፈጥሮ፣ ፎቶ አቀናብሮ፣ ደረሰኝ ሠርቶ የሚሸጥ ደላላ አለ። አትቅረቡት። ሐሰተኛ መረጃ ከተገኘ 5 ዓመት ወደ ካናዳ ማመልከት ትከለከላላችሁ፤ እውነተኛው ትዳራችሁም አብሮ ይበላሻል። «አማካሪ ነኝ» የሚላችሁን ሰው የፈቃድ ቁጥር ጠይቁና የካናዳ የኢሚግሬሽን አማካሪዎች ኮሌጅ ድረ ገጽ ላይ ስሙን ፈልጉ። ዋናውን ሰነድ ለማንም አትስጡ።

የተለመዱ ስህተቶች

- የእናንተን ወገን ቻት ብቻ ማሳየት፤ መልሱ ያልታየ መልእክት ንግግር አይደለም።
- ስፖንሰሩ የሞላውን ፎርም ጎንደር ያለው ሳያነበው መላክ። ከሁሉ የሚበዛው ይኸኛው ነው።
- ልጅ ካለ ስፖንሰር ባይደረግም አለመጥቀስ። ሁሉም ልጅ ይጻፍ።
- የአሜሪካ ወይም የአውስትራሊያ መመሪያ አይቶ ለካናዳ መሙላት። አሜሪካ የእጮኛ ቪዛ አላት፣ ለእሱም ከማመልከቻው በፊት ባሉት 2 ዓመታት ውስጥ በአካል መገናኘትን ትጠይቃለች። አውስትራሊያ ገንዘብን፣ የቤት ኑሮን፣ ማኅበራዊ ኑሮንና የጸና ቃል ኪዳንን ለየብቻ ታያለች። የማስረጃው ዓይነት ይቀራረባል፤ ፎርሙና ደንቡ ግን ለየቅል ነው።

ፋይሉ ከተላከ በኋላም መሰብሰቡን አታቁሙ። ውሳኔው እስኪመጣ ድረስ በየወሩ አንድ ሁለት ስክሪንሾት፣ አዲስ ደረሰኝ፣ አዲስ ቲኬት በአንድ ፎልደር አስቀምጡ። ተጨማሪ ማስረጃ ሲጠየቅ የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው። ልጅ ከተወለደ፣ አድራሻ ወይም ፓስፖርት ከተቀየረ ሳትጠየቁ አሳውቁ።